ቼክ የማይባልበት አዳራሽ

ልጄ በባጃጅ የተገጨች ዕለት እኔ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን፣ ፒያሳ ሱቄ ውስጥ የአንድ ሰው መታወቂያ ኮፒ እያደረግኩ ነበር። ስልኩ ሲደወልልኝ መታወቂያውን ማሽኑ ውስጥ እንደተኛ ትቼ፣ ሱቁን ዘግቼ ሮጥኩ። ሰውዬው በማግስቱ ሊቆጣኝ መጣ። ፊቴን ሲያይ ግን የማሽኑን ክዳን ራሱ ከፍቶ፣ መታወቂያውን አውጥቶ፣ ጌታ ይማርልሽ ብሎኝ ሄደ።

የማወራችሁ ስለ ቼዝ ነው። ቼዝ ቤታችን የገባው በተሰበረው እግር በኩል ስለሆነ ነው ከዚህ የጀመርኩት።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሯጭ ነበረች፤ በትምህርት ቤቷ ከሴቶቹ የሚቀድማት አልነበረም። አምስት ወር ጀሶ ውስጥ ከረመች። ጀሶው ሲፈታ ግራ እግሯ ከቀኙ ትንሽ አጥሮ ተገኘ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ መራመዱን ትራመዳለች፣ ሩጫውን ግን ብትረሳው ይሻላል አለን። እሷ መስኮቱን ነበር የምታየው። ጓደኞቿ ክፍል አለፉ፣ እሷ እዚያው ቀረች። መጀመሪያ ሰሞን እየመጡ ጀሶዋ ላይ ስማቸውን ይጽፉ ነበር። ኋላ መምጣቱን ተዉት። ልጆች ናቸው፣ ምን ይደረጋል።

ያልሞከርኩት ነገር የለም። ክር ገዝቼ ዳንቴል ላስተምራት አልኩ፤ ሁለት መስመር ሠርታ ጥጉ ጋ ወረወረችው። ታሪክ አወራላት ጀመር። እኔ ወሬ እወዳለሁ፣ ሱቅ የሚመጣውን ሁሉ ሳላስቅ አልሸኝም። እሷ ግን ግድግዳውን እያየች «እሺ» ትለኛለች። አስቂኙ ቦታ ላይ ስደርስም «እሺ»። ከዚያች «እሺ» የከበደ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ሱቄ ጠባብ ናት። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የላሚኔት ማሽን፣ በሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር፤ በቃ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ኮፒ ሳደርግ ነው። ማሽኑ ገጹን እስኪተፋ ድረስ ሁለት ሦስት መስመር ይነበባል። የኪራይ ውል፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የነርሶች ማስታወሻ፣ የሰንበት ትምህርት፣ የአፈር ምርመራ። ስለዚህ ስለ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፤ ምንም ነገር ግን እስከ መጨረሻው አላውቅም። ሰው ይሄን ስነግረው ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጡረታ የወጡ አንድ የሒሳብ መምህር ወፍራም የወረቀት ጥቅል ይዘው መጡ። ወጣቶች ሰብስበው ቼዝ እንደሚያስተምሩ ሰምቼ ነበር። ወረቀቱ ላይ ጥቁርና ነጭ ካሬ ብቻ ነው ያለው፣ በየካሬው ውስጥ ትንንሽ ምስል። ጋሼ፣ ይሄ የመሬት ካርታ ነው እንዴ አልኳቸው። እሳቸው ሲስቁ ድምፅ አያወጡም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ካርታ አይደለም፣ ጥያቄ ነው አሉኝ። በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አንዱ ወገን የሚያሸንፍበት መንገድ ተደብቋል፣ ተማሪው ይፈልገዋል። ይሄኔ ስለ ልጄ ነገርኳቸው። ለምን እንደነገርኳቸው እንጃ፤ ምናልባት ጥያቄ የሚለው ቃል ይሆናል። አንድ ኮፒ ጨምሪና ለልጅሽ ውሰጂላት አሉኝ።

ጨምሬ ሳልጨርስ መብራት ሄደ። እንዲያው ያ መብራት ባይሄድ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ እላለሁ አንዳንዴ። እሳቸው መብራቱን ሊጠብቁ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ተነሱና የማሽኑን ክዳን ዘግተው እላዩ ላይ ማስተማር ጀመሩ። ላጲሱ ንጉሥ ሆነ፣ ማርከሩ ንግሥት፣ የእስክሪብቶ ክዳኖች ወታደር፣ የወረቀት መብሻው ፈረስ፣ ስቴፕለሩ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ሩክ፣ ማስመሪያው በሰያፍ የሚሄደው ቢሾፕ። እያንዳንዱ እንዴት እንደሚሄድ አሳዩኝ። ከዚያ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ነገር ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያንቀሳቅሳል። አንቺ ደስ ያለሽን አትፈልጊ፤ ያንን ሰውዬ ምርጫ የሚያሳጣውን ፈልጊ። መጀመሪያ ቼክ አለ ወይ በይ። ቀጥሎ የሚበላ አለ ወይ። ቀጥሎ የሚያስፈራራ አለ ወይ። ሞኝነት ቢመስልሽም እዪው። ለራስሽም፣ ለእሱም።»

ቼክ ሲባል ንጉሡ ሌላ ሥራ የለውም፣ መዳን አለበት አሉኝ። መሸሽ፣ መሐል መግባት፣ ወይ የመጣበትን መብላት፤ ከሦስቱ ውጪ የለውም። ሲበላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ መብላት አለበት። የሚመልስልሽ ነገር አንድ ወይ ሁለት ብቻ ከሆነ ሦስት አራት እርምጃ ወደፊት ማየት ትችያለሽ፤ መልሱ አሥር ከሆነ ማንም አያይም አሉ። ይሄኛው ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። አምስት ወር ሙሉ እኔ ራሴ ምርጫ የሌለኝ ሰው ሆኜ ስለከረምኩ ይሆናል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቃላት ግን፣ ለራስሽም ለእሱም ያሉትን፣ እንደ ኮፒ ወረቀቶቼ አለፍኳቸው። ማሽኑ ገጹን ተፍቶት ነበር ማለት ነው።

መብራት ሲመጣ ሰሌዳውን በአራት ወረቀት አትሜ፣ ለጥፌ፣ ላሚኔት አደረግኩት። መጫወቻ ጠጠሮቹን እዚያው ፒያሳ ገዛሁ። ማታ ቤት እራት በልተን ሳህኑ እንደተነሳ ዘረጋሁትና እኔ እንጃ፣ አልገባኝም፣ እስቲ አንቺ እዪልኝ አልኳት። ዘዴ ነበር። መጀመሪያ ዞር አለች። ከዚያ አንዷን ሥዕል አየቻት።

ያቺን ሥዕል አሁንም በጨለማ እሠራታለሁ። የጥቁሩ ንጉሥ ጥግ ላይ ነው፣ የራሱ ወታደሮች ፊት ለፊቱ ቆመዋል። ነጩ ፈረስና ንግሥት አሉት። ልጄ አንድ ሰዓት ያህል አፈጠጠችበት። እኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን መልስ አይቼዋለሁ፤ ጭጭ አልኩ። ንግሥቲቱን ከንጉሡ ጎን፣ አፉ ላይ አምጥቶ መስጠት ነው። ቼክ ነው። ንጉሡ እንዳይበላት ፈረሱ ይጠብቃታል። የቀረው የገዛ ሩኩ እንዲበላት ማድረግ ብቻ ነው፤ ሩኩ ሲበላት ደግሞ ንጉሡ የነበረችው አንዲት መውጫ ትዘጋለች። ፈረሱ ዘሎ ቼክ ይላል። ንጉሡ በገዛ ሰዎቹ ታፍኖ ያልቃል።

ስታገኘው ሳቀች። አምስት ወር ያልሳቀች ልጅ። ንግሥቷን እኮ ሰጠናት፣ እማ፣ ንግሥቷን ሰጥተን አሸነፍን አለችኝ። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ቀዳሁ፤ ጥም አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ቤት የሚገባው ቅዳሜና እሑድ ነው። ሲመጣ እኛ ሰሌዳው ላይ ተደፍተን ያገኘናል። የጠጠሮቹን አካሄድ አስረድተነው ሲያበቃ ትንሽ አሰበና፣ ንግሥቲቱ አገር ምድሩን ስትዞር እሱ ቤቱን ሲጠብቅ የሚውል ንጉሥ የምን ንጉሥ ነው፣ እኛ ቤት ግን ተገላቢጦሽ ነው አለ። ልጄ ይሄን ቀልድ ለሳምንት እየደገመች ሳቀችበት። እኔ ቀልዱን ሳይሆን ሳቋን ነበር የምቆጥረው።

አሁን ጥፋቴ የጀመረበት ላይ ደረስኩ።

ከሱቄ አለፍ ብሎ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ላይ፣ ወንዶች ቼዝ ይጫወታሉ። ወረቀት ላደርስ ስሄድ ቆሜ አያለሁ። በዚያ በረንዳ አንድ ሥርዓት አለ። ንጉሥ ሲነካ ቼክ ይባላል፤ ይሄ የታወቀ ነው። ንግሥት ስትነካ ደግሞ «ንግሥት» ይባላል። ሳይናገር ንግሥት የበላ ሰው ይሰደባል፤ ሌባ ይሉታል፣ ጠጠሩን ያስመልሱታል። በጎን ቆመው የሚያዩትም ዝም አይሉም፤ ፈረስህን፣ ሩክህን እያሉ ለሁለቱም ወገን ይጮሃሉ። እኔ ይሄ በጣም ደስ አለኝ። ጨዋ ጨዋታ ነው አልኩ። ሰው ሰውን ሲያጠቃ እንኳ አስጠንቅቆ።

ይሄን ሥርዓት ቤቴ አስገባሁት፣ ጨመርኩበትም። ቼክ እላታለሁ። ንግሥትሽን እላታለሁ። እግሯን እያየሁ፣ ያ አጭሩ እግር ከወንበሩ ሥር ተንጠልጥሎ መሬት ሳይነካ ሳየው፣ ፈረስሽንም እላታለሁ። ወታደርሽንም። ሳይነገራት አንድም ነገር እንዲወሰድባት አልፈልግም ነበር። አንዴ ሳይነገራት ተወስዶባታል።

እሷ ደግሞ ማጥቃቱን ተካነችው። ቼክ፣ መብላት፣ ማስፈራራት፤ ጣቷን በየተራ እያጠፈች ትፈልጋለች። ከሁለት ዓመት በኋላ የመምህሩ ወጣቶች ዘንድ ሄዳ ስትጫወት እሳቸው እንኳ ተገረሙ። አንድ ቀን ቤት መጡና እኔና እሷ ስንጫወት ቁጭ ብለው አዩ። ሻያቸውን ጠጥተው ጨርሰው ተነሱ። በር ላይ ልሸኛቸው ስወጣ ግን ቆሙ።

«ልጄ፣ የሷን በዓይኗ ነው የምታየው። የአንቺን ግን በጆሮዋ ነው የምታየው። አፍሽን ያዥላት።»

እሺ ጋሼ፣ ልክ ነዎት አልኳቸው። ያዝኩም። አንድ ሳምንት ያዝኩ። በዚያ ሳምንት ልጄ ንግሥቷን ስንቴ እንዳስበላች አልነግራችሁም። ስወስድባት ቀና ብላ ታየኛለች፤ በንዴት አይደለም፣ እንደተከዳ ሰው ነው። በስምንተኛው ቀን ሰሌዳውን አጥፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እሺ አለችኝ። ያቺ «እሺ» ተመለሰች። በዘጠነኛው ቀን ንግሥትሽን አልኳት። ምን ላድርግ።

ውድድሩ የመጣው ባለፈው ዓመት ነው። ከከተማው ወጣቶች ተመርጠው አዲስ አበባ ሊሄዱ፣ ከሴቶች አንዲት ብቻ። ትምህርት ቤቷ መመዝገቧን ሲሰማ፣ ያቺ የምታነክሰው ልጅ የሚሏት ልጅ፣ ሰልፍ ላይ ስሟ ተጠራ። የድሮ ጓደኞቿ፣ አሁን ከእሷ አንድ ክፍል የሚቀድሙት፣ መጥተው አቀፏት። ቤት ገብታ ይሄን ስትነግረኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብሄድ ሩጫውን እረሳዋለሁ አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሩጫ አንዲት ቃል ተናግራ አታውቅም ነበር። እኔ የረሳች መስሎኝ ኖሯል።

ውድድሩ ባህል አዳራሽ በኩል ባለ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር፣ ቅዳሜና እሑድ። ዳኛው መጀመሪያ ተነስቶ ሕጉን ተናገረ። ተመልካች ከገመዱ ወዲህ ይቀመጣል፤ የተናገረ፣ ምልክት ያሳየ ይወጣል፣ ልጁም ጨዋታውን ይሸነፋል። ተጫዋቾችም አያወሩም፤ ቼክ ማለት ግዴታ አይደለም፣ ባይባል ይመረጣል። ልጄ ከሰሌዳዋ ዞራ አየችኝ። ፈገግ አልኩላት።

ቅዳሜ አሸነፈች። እሑድ ጠዋት ቸርች ቀርቼ ሄድኩ፤ አሁንም አሸነፈች። ሌሎቹም እንደኛው የበረንዳ ልጆች ናቸው፣ ልማድ ሆኖባቸው ቼክ ይላሉ፣ ዳኛው ይገስጻቸዋል። በዚህ በዚያ ብላ ለመጨረሻው ጨዋታ ደረሰች። ከፊቷ የተቀመጠችው ከከተማው ምሥራቅ ሰፈር የመጣች፣ ሒጃብ ያደረገች፣ ቀጭን ልጅ ናት። ነጥባቸው እኩል ነው። ያሸነፈችው ትሄዳለች።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የልጅቷ እናት ሆና ተገኘች። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። ስለ ቼዝ የምታውቀው ነገር የለም፤ ዳኛው ራቅ ሲል ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ ታወራኛለች። ልጇ የተማረችው ብቻዋን ከስልክ ጋር እየተጫወተች ነው። ስልክ አፍ የለው፣ እሷም እንደሱ ሆና ቀረች፣ ቤት ውስጥ እንኳ ቃል አይወጣትም አለችኝ። እኔ እጇ ላይ ያለውን ሂና እያየሁ፣ ይቺ ሴትዮ ደግ ናት አልኩ በልቤ። ቢቀርብኝ ይሻል ነበር። ክፉ ሴት አጠገቤ ብትቀመጥ ይቀለኝ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ልጄ ጣቷን ከጠረጴዛው ሥር ታጥፋለች፤ እኔ ከኋላ አያታለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከአንድ ሰዓት በኋላ አገኘችው። ፈረሷን ወርውራ ቼክ፤ ንጉሡ ሸሸ። ቢሾፑን በላች፤ ቀጭኗ ልጅ መልሳ በላች። ልጄ ንግሥቷን አምጥታ እንደገና ቼክ፤ ንጉሡ አንዲት ቦታ ብቻ ነበረችው፣ ሄደባት። ያኔ የቀጭኗ ልጅ ሩክ ብቻውን ቀረ። በላችው። እንዲህ ያለ ውብ ነገር አይቼ አላውቅም። ሁሉም ግድ ነበር፣ ልጅቷ መተንፈሻ አልነበራትም። ከኋላዬ መምህሩ ወንበራቸውን ሲያስተካክሉ ሰማሁ።

ማን እያሸነፈ ነው አለችኝ ሴትዮዋ። ልዋሻት አልቻልኩም። የኔዋ አልኳት። ደህና፣ አላህ ያውቃል አለችና እጇን ጉልበቷ ላይ አኖረች።

ከዚያ ቀጭኗ ልጅ ረጅም ጊዜ አሰበች። አሰበችና ፈረሷን ወደ መሐል አመጣችው። ምንም አልበላችም። ቼክ አላለችም። ለማያውቅ ሰው ዝም ብሎ የቆመ ፈረስ ነው። እኔ ግን አየሁት። ያ ፈረስ አንዲት ዝላይ ቀርታዋለች፤ ከዘለለ የልጄን ንጉሥና ንግሥት አንድ ላይ ይይዛል። ንጉሡ ሲሸሽ ንግሥቲቱ ትበላለች። ማስቆሙ ደግሞ ምንም አይደለም፤ ንግሥቷን አንድ ካሬ ብታንቀሳቅሳት ያበቃ ነበር። አንድ ካሬ።

ልጄ ሰሌዳውን አየች። ጣቶቿን አጠፈች፤ የራሷን። ከዚያ አንገቷን አቀናችና ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ዓይኔን አይደለም ያየችው። አፌን ነው።

ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የተጫወተችው። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት ቀና ብላ አፌን ታያለች፤ ንግሥትሽን ካላልኳት ደህና ናት ማለት ነው። እሷ ማየቷን አታውቀውም። እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላውቀውም ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ጉሮሮዬን ሳል በላኝ፣ እውነተኛ ሳል፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር አፈንኩት፤ ብስል ምልክት ነው ይሉኛል፣ ጨዋታውን ይወስዱባታል። ሻርፔን አፌ ላይ አደረግኩት። የሴትዮዋ ጉልበት ጉልበቴን ይነካኛል። ወደ መምህሩ ዞርኩ፤ እሳቸው ጫማቸውን ነበር የሚያዩት። እሳቸውም አይተውታል።

እናንተዬ፣ እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ብናገር ታጣዋለች። ዝም ስል ደግሞ ዝምታዬ ራሱ ነገራት። ምንም የለም አላት፤ ደህና ነሽ፣ ቀጥዪ አላት። አሥራ አምስት ዓመት ያሳደግኳትን ልጅ ቁጭ ብዬ፣ አፌን ሸፍኜ፣ ዋሸኋት።

ተመልሳ ዞረች። የራሷን ማስፈራሪያ ተጫወተች፣ ሩኳን አመጣች፣ በሚቀጥለው ማት የሚያደርግ፣ ንጉሡን መውጫ አሳጥቶ ጨዋታውን የሚጨርስ። ጥሩ እርምጃ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን።

ቀጭኗ ልጅ ፈረሷን አነሳች፣ አኖረች፣ ሰዓቱን መታች። አንድ ድምፅ አልወጣትም።

ልጄ ቼክ ላይ መሆኗን አላወቀችም። ማን ነገራት? ሩኳን አንስታ ማቱን ልታደርግ አሳለፈችው፣ ሰዓቱን መታች። ዳኛው መጥቶ ሰዓቱን አቆመ። ጎንበስ ብሎ በቀስታ ነገራት፤ ንጉሥሽ ቼክ ላይ ነው፣ ሩኩን መልሺ፣ ለተጋጣሚሽ ሁለት ደቂቃ ይጨመርላታል። ያኔ አየችው። ከጀርባዋ ነበርኩ፣ ፊቷን አላየሁም። ትከሻዋን ነው ያየሁት። ሲወርድ።

ንጉሧን አንቀሳቀሰች። ንግሥቷ ተበላች። አርባ ደቂቃ ያህል ታገለች፣ እያንዳንዷን ደቂቃ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ማን እያሸነፈ ነው ብላ አልጠየቀችኝም። ፊቴን አይታ አወቀችው መሰለኝ፣ እጄን ያዘችኝ፣ እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቀችኝም። ልጇ ስታሸንፍ እንኳ ሳትነሳ ትንሽ ቆየች።

ከዚያ አደጋ ወዲህ ልጄ ባጃጅ አትሳፈርም። ስለዚህ በእግር ነው የሄድነው፣ በእሷ እርምጃ። መንገዱ ላይ ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር፣ ከሐይቁ በኩል ትንሽ ነፋስ ይመጣል። መምህሩ በር ላይ ትከሻዬን ነክተው አልፈዋል፤ ነግሬሽ ነበር አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ብዙ የምለው ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሌላ ዓመት አለ፣ ልጅ ነሽ፣ ያን ሩክ የበላሽበትን ሁሉም ያወራለታል። ግማሽ መንገድ ሄደን እሷ ናት የጀመረችው።

«እማ፣ አይተሽው ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

ትንሽ ሄድን።

«ዝም ስትዪ ምንም የለም ማለት መስሎኝ ነው» አለችኝ።

አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። እንደ ሒሳብ መልስ ነው የተናገረችው። እኔ ግን እዚያው መንገድ ዳር የአንዱን ሱቅ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አሞሻል እንዴ አለችኝ። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው አልኳት።

ሳምንት ያህል ሰሌዳው አልተዘረጋም። ሰልፍ ላይ አዲስ አበባ የምትሄደውን ልጅ ስም ሲጠሩ አጨበጨብኩ አለችኝ፣ ሌላ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ሱቅ ቁጭ ብዬ ያቺን የመምህሩን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምሬ በልቤ እያነበብኩ፣ ያቺ መጨረሻዋ ላይ ስደርስ እንደገና እጀምራለሁ። ለራስሽም፣ ለእሱም።

ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሱቅ መጣች። መብራት ሄዶ ነበር፣ ማሽኑ ዝም ብሏል። ከቦርሳዋ ሰሌዳውን አውጥታ የማሽኑ ክዳን ላይ ዘረጋችው፣ መምህሩ ላጲሱን ንጉሥ ባደረጉበት ቦታ። ጠጠሮቹን ደረደረች።

«ዛሬ አትናገሪ» አለችኝ።

«ልጄ...»

«አትናገሪ፣ እማ። ብጠይቅሽም።»

ተጫወትን። አሥር እርምጃ ያህል ደህና ሄደች። ከዚያ እኔ ቢሾፔን አምጥቼ ንግሥቷ ላይ አነጣጠርኩት። ልጄ ናት፤ ቀና አለች፣ አፌን አየች። ከንፈሬን ነከስኩ። ማየቷን ራሷ አወቀችውና ዓይኗን ቶሎ መለሰች፣ ጆሮዋ ሥር ቀላ። ጣቷን ማጠፍ ጀመረች፣ በዚህ ጊዜ በግራ እጇ፣ በእኔ በኩል ያለውን እያየች፣ በሹክሹክታ። እማ ቼክ አላት ወይ። የላትም። እማ የምትበላው አላት ወይ። ዓይኗ በሰሌዳው ላይ ሄደ፣ በፈረሴ አለፈ፣ በሩኬ አለፈ፣ በቢሾፔም አለፈ። የላትም አለች።

አልፋዋለች። ሌላ ወታደር አንቀሳቀሰች።

ቢሾፔን አንስቼ ንግሥቷን በላሁ። ቃል አልተነፈስኩም። ንግሥቲቱን የት እንደማስቀምጣት ጠፋኝ፣ መዳፌ ውስጥ ይዣት ቀረሁ። ልጄ ቢሾፔ ያረፈበትን ካሬ ለረጅም ጊዜ አየችው። ግድግዳ የለም፣ ዞር የምትልበት። እሺ አላለችኝም። ሰሌዳውንም አላጠፈችውም። ቢሾፔ የመጣበትን መንገድ በጣቷ ወደ ኋላ ተከተለችው፣ ካሬ በካሬ፣ እስከ መነሻው።

መብራት መጣ። ማሽኑ ከሰሌዳው ሥር ማጉረምረም ጀመረ፣ ጠጠሮቹ ተንቀጠቀጡ። አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ኮፒ አለ ወይ አለ። አለ፣ ትንሽ ይታገሡን አልኩት። ተራው የእኔ አልነበረም። የእሷ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት።